የመጀመሪያውን ጽዋ ማን ይቀዳል?

ሽማግሌው ቹ ማንሺክ ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ፣ ከድጋፍ ግንቡ ሥር ባለው የጎርፍ መውረጃ ቦይ ውስጥ በአፍ ጢማቸው ተደፍተው ተገኙ። ከራሳቸው ትንሽ አለፍ ብሎ «ፈንጂ» የሚል ቀይ ምልክት የተንጠለጠለበት የሾህ ሽቦ ይጀምራል። ከሽቦው ማዶ ሰው ከረገጠው ዘመን ያለፈው ሣር፣ ከሣሩ ማዶ በጦርነት የተከፈለው አገር ሌላው ግማሽ፣ ሰሜን። በወጣትነታቸው ከዚያ ማዶ በጥይት መካከል ሮጠው ያመለጡ ሰው፣ በስተርጅና የአንድ ቀን ጉብኝት መጥተው ከሁለት ሰው ቁመት ከማይበልጥ ግንብ ወድቀው ሞቱ።

የድንበር ከተማዋ የፓጁ ፖሊስ ጣቢያ ኢንስፔክተር ታክ ሬሳውን ሲያይ ከሐዘን በፊት ንዴት ቀደመው። ወደ ድንበሩ ከሚያሻግረው ድልድይ ወዲያ ባለው የጦር ክልል ፖሊስ እንግዳ ነው፤ ያውም ያልተጠራ እንግዳ። ለመግባት እንኳ ልጁ የሚሆኑ ወታደሮች መታወቂያውን ሲያገላብጡ አቁመው አስጠብቀውታል። አሁን ደግሞ የአካባቢው አዛዥ ሻለቃ ኩክ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ይጠብቀዋል።

«ብዙ አይልፉ፣ ኢንስፔክተር» አለ ሻለቃው ሰላምታ ሳያስቀድም። «ነገሩ ያለቀለት ነው። ገዳይዋ ተይዛለች።»

«ማን ናት?»

«አስጎብኚዋ። ከዚያ ማዶ ከድታ የመጣች ናት። ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ሽማግሌው ሲጮሁባት ተሳፋሪው ሁሉ ሰምቷል። ይሄ የአስጎብኚ ባንዲራዋም ከሬሳው አጠገብ ወድቆ ተገኘ።» በቀጭን ዱላ ላይ የታሰረች ቢጫ ጨርቅ አሳየው። «ማምሻውን የክልሉ በር ሳይዘጋ የደህንነት ሰዎች መጥተው ይረከቧታል። እርስዎ ሬሳውን ይውሰዱ።»

«ሬሳ ለመጫንማ አምቡላንስ ይበቃ ነበር» አለ ታክ። «እስኪመጡ ድረስ ምርመራው የእኔ ነው።»

ሻለቃው ትከሻውን ነቅንቆ ጀርባውን ሰጠው።

የጉብኝት አውቶቡሱ ተሳፋሪዎች ሰሜንን መመልከቻው ሰገነት ሥር ቆመው ይቁነጠነጣሉ። ታክ ገና አፉን ሳይከፍት ፊቱ ላይ ጮኹበት። ምሳ ያመለጠው አለ፤ አውሮፕላን የሚያመልጠው አለ። ሁሉንም የሚያስማማቸው ግን አስጎብኚዋን መስደብ ነበር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ሰሜን ላይ የተቋጠረው ቂም ሁሉ በአንዲት ሴት ላይ ይወርዳል። ከሁሉም የሚብሰው ዮም የሚባለው ጡረተኛ ባሕር ወለድ ወታደር ነው። ደረቱ ላይ ሜዳሊያ፣ እጁ ላይ ረጅም ዱላ የተሰካበት ስልክ ይዟል።

«የእባብ ልጅ እባብ ነው!» አለ ዮም። «እኔ ገና ስትናገር ነው ያወቅኳት። ያ ቅላጼዋ! እነዚህን በግብራችን እየቀለብን፣ እነሱ ሽማግሌ ይገድሉልናል!»

«ስትገድል አይተዋታል?»

«ማየት ያስፈልጋል እንዴ?»

«እኔን ያስፈልገኛል» አለ ታክ። «ስልኩን ዝቅ ያድርጉት። እኔን መቅረጽ አይቻልም።»

አስጎብኚዋ ጊል ኦክሱን በጥበቃ ክፍሉ ጥግ ኮቷን ራሷ ላይ ጥላ ተቀምጣለች።

«ኮቱን አውርጂ» አላት።

«በሩን ይዝጉልኝ።»

ዘጋው። አወረደችው። ወደ አርባ ዓመት የምትጠጋ፣ ከሲታ ሴት ናት። ጉንጯ ላይ ትኩስ ጭረት አለ።

«ማን ነው የቧጨረሽ? ሟቹ ናቸው?»

«ተሳፋሪዎቼ ናቸው፤ ጭምብሌን ሲነጥቁኝ። እሳቸው እጃቸውን አንስተውብኝ አያውቁም።»

«ጠዋት ግን ጮኸውብሻል። ‹አትቀልጂብኝ! እውነቱን ንገሪኝ!› ብለው እጅጌሽን ይዘው ሲጎትቱሽ ተሰምቷል። ስለ ምን ነበር?»

ኮቷን ጭኗ ላይ አጣጠፈች።

«ባንዲራሽስ? ከሬሳው ጎን ምን ይሠራል?»

«ግንቡ ጋ ቆመን አውርተናል። ባንዲራዬን እሳቸው እንደያዙት ትቻቸው ወደ አውቶቡሱ ሄድኩ። ስንለያይ በሕይወት ነበሩ።»

«ምን አወራችሁ?»

አሁንም ዝም። ታክ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ዝምታዋ አናደደው፤ ዝም የሚሉ ሰዎችን አይወድም፣ የሚለፈልፉትንም አይወድም።

«ስሚ፣ ማምሻውን የደህንነት ሰዎች ይመጣሉ። ድልድዩ ላይ ጋዜጠኞች ካሜራ ተክለው ይጠብቁሻል። አሁን ለእኔ ካልተናገርሽ...»

«ካሜራውን አትበሉኝ!» ከተቀመጠችበት ተነሳች። «ኢንስፔክተር፣ እኔ በዚያ በኩል ሞቻለሁ። ወንዝ ወሰዳት ተብዬ ተመዝግቤያለሁ። ያስመዘገበችው እህቴ ናት፤ አልቅሳ፣ ምስክር አቁማ። ዛሬ ፊቴ በዜና ከወጣ የእሷ ውሸት ተገለጠ ማለት ነው። እሷንም ልጆቿንም ይወስዷቸዋል። እነሱ ከወሰዱ ደግሞ አይመልሱም። ግደሉኝ ብትሉኝ ግድ የለኝም፤ ፊቴን ብቻ አታውጡብኝ።»

«እንግዲያው ያወራችሁትን ንገሪኝና ላውጣሽ።»

«እሱን ብነግርዎትም የምትጠፋው እሷው ናት።»

ኮቷን መልሳ ራሷ ላይ ጣለች። ታክ ልቡ ለሁለት ተከፍሎ ወጣ። ሰው ገድላ ይህን ያህል ትናገራለች ማለት ከበደው። ግን ደግሞ ለእህቱ ሲል የማይገድል ማን አለ?

የሟቹን ልጅ ቹ ቴሱን ከሰገነቱ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘው። ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ዓይኑ የቀላ ሰው ነው። አጠገቡ ሚስቱ ሚጃ የዕቃ ቅርጫት ታቅፋ ቆማለች። በጨረቃ አቆጣጠር የዘጠነኛው ወር ዘጠነኛ ቀን ነው፤ የሞቱበት ቀን ላልታወቀ ሙታን ጽዋ የሚቀርብበት። ሽማግሌው ለእናት ለአባታቸው በየዓመቱ ከዚህ ኮረብታ፣ የትውልድ ቀያቸው በሚታይበት በሰሜን ትይዩ፣ ምንጣፍ አስነጥፈው ይሰግዳሉ።

«የዛሬውንም አቅርባችሁ ነበር?» አለ ታክ።

«አዎ። ተሳፋሪው በሙሉ አይቶናል» አለ ቴሱ። «አባባ መጸዳጃ ቤት ደርሼ ልምጣ አሉ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ‹ሰዓቱ እንዳያልፍ አንተ ጀምር› አሉኝ። ጀመርኩ። ስንጨርስም አልመጡም። ከዚያ ነው ፍለጋ የወጣነው።»

«ጽዋውን የቀዳኸው አንተ ነህ ማለት ነው።»

«በእሳቸው ፈቃድ።»

ታክ ጥርሱ መካከል የዓሣ አጥንት የገባበት ያህል ቆረቆረው። እሱም የቤቱ የበኩር ልጅ ነው። አባቱ በአልጋ ላይ ሳሉ እንኳ፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ጽዋውን አፍስሰው ምንጣፉን ቢያርሱትም፣ የመጀመሪያውን ጽዋ እሳቸው ነበሩ የሚቀዱት። የእሱ ተራ የደረሰው ከተቀበሩ በኋላ ነው። ግን የሰው ቤት የሰው ቤት ነው፤ ጉልበታቸውን ያመማቸው ሽማግሌ ተሸንፈውም ይሆናል።

«ገዳይዋ እጃችሁ ላይ ናት» አለ ቴሱ ቀና ሳይል። «አባቴን አፍዝ አደንግዝ አድርጋባቸው ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ የእሷን አውቶቡስ እየመረጡ ይሳፈሩ ነበር። እኛ በየጊዜው ‹ምን ይሠራልዎታል› እያልን።»

ሚጃ የቅርጫቱን ክዳን አስተካከለች።

ታክ ወደ ተሳፋሪዎቹ ሲመለስ ዓይኑ የዮም ጫማ ላይ ወደቀ። ከግንቡ ጀርባ ብቻ ያለው ቀይ ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ደርሷል።

«ከግንቡ ጀርባ ምን ፈልገው ሄዱ?»

ዮም ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «እኔን? እኔን ትጠረጥራለህ? እኔ እኮ ለዚች አገር ደሜን ያፈሰስኩ ሰው ነኝ!»

«የጠየቅኩት ስለ ደምዎ አይደለም፤ ስለ ጫማዎ ነው።»

«ሽንቴን ልሸና ሄጄ ነው።»

«መጸዳጃ ቤቱን ታክከው አልፈው ሜዳ ላይ? ፈንጂ አጠገብ?»

ተሳፋሪዎቹ ዞር ዞር ብለው አዩት። ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ጥላቻቸው አቅጣጫ ሲቀይር ታክ በዓይኑ አየ። አንዲት ሴትዮ ልጇን ወደ ራሷ ሳበች። ባሕር ወለዱ ሜዳሊያውን በእጁ ሸፈነ።

«እሺ፣ እሺ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከዚያ በኩል የጦሩ ምሽግ ይታያል። መቅረጽ ክልክል ነው። ቀረጽኩ። ለተመልካቾቼ ነው... የኢንተርኔት ቻናል አለኝ። ሻለቃው እንዳይሰማ፣ ወንድሜ።»

«ስልኩን።»

ታክ አውቶቡሱ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ቪዲዮውን አየው። ዮም አልዋሸም። ከግንቡ ሌላኛው ጫፍ ቆሞ፣ አገር ስለመውደድ እየለፈለፈ፣ ምሽጉን ሲቀርጽ ይቆያል። ካሜራው ሲዞር ኦክሱን ከግንቡ ወጥታ ወደ መኪና ማቆሚያው ስትራመድ ትታያለች። ከኋላዋ ሽማግሌው ቆመዋል። ቢጫዋን ባንዲራ እንደ ሕፃን በሁለት እጃቸው ይዘው ሰሜንን ያያሉ። በሕይወት አሉ፤ ፈገግታም ነበራቸው።

ወዲያው ሻለቃውን አስጠርቶ አሳየው።

«ተመልሳ ቢሆንስ?» አለ ሻለቃው። «ይህ ለእኔ ምንም አይደለም። የደህንነት ሰዎቹ መንገድ ላይ ናቸው። ሌላ ገዳይ ካላመጡልኝ እሷን እሰጣለሁ።»

ታክ ምላሱን ነክሶ ቪዲዮውን ቀጠለው። ዮም ምሽጉን ጥቂት ደቂቃ ቀርጾ እየተራመደ ወደ ሰገነቱ ይመለሳል። በመንገዱ ላይ ቴሱ ከቡና መሸጫው ማሽን በኩል ሲመጣ ካሜራው ፊት ያልፋል። እጁ ላይ የወረቀት ኩባያ አለ። ከዚያ ምንጣፉ፣ ትንሿ ገበታ፣ ደረቁ ዓሣ፣ ፍራፍሬው፣ ለውዙ። ዮም «ይሄ ነው የእኛ ልጅ! ይሄ ነው ለወላጅ መታዘዝ!» እያለ ያሞግሳል። ቴሱ ጽዋ ቀድቶ ይሰግዳል።

ታክ ምስሉን አቆመ። በጣቶቹ አጎላው። ገበታው ላይ ሁለት የነሐስ ጽዋዎች አሉ። ከጎናቸው ሦስተኛ፣ አበባ የታተመበት የወረቀት ኩባያ፤ ማሽኑ ቡና የሚሰጥበት ዓይነት። ለሙታን የሚቀዳው አረቄ፣ ሶጁ፣ ተሞልቶበታል።

ከዚያ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ሚጃን ብቻዋን ጠራት።

«ቅርጫቱን የሰደርሽው አንቺ ነሽ?»

«ሌላ ማን ይሰድረዋል?» አለች ሚጃ፣ እንደ መርፌ በሚወጋ ድምፅ። «ከተዳርኩ ጀምሮ የዚህን ቤት ሙታን የማበላው እኔ ነኝ። ዓሣው አነሰ ልትሉኝ ነው?»

«ጽዋ ስንት አመጣሽ?»

«ሁለት። የባሌ አያቶች ሁለት ናቸው።»

«ይህስ?» ስልኩን አሳያት።

ሚጃ አየችው። መጀመሪያ ቅንድቧ ተሰበሰበ፤ ቀጥሎ ፊቷ ላይ የነበረው ደም ሁሉ ወደ ታች ወረደ።

«እሱ ነው ያመጣው» አለች ቀስ ብላ። «ሁለቱን ደርድሬ ጨርሼ ነበር። ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ከማሽኑ ኩባያ ይዞ መጣና ከጎን አስቀመጠው። መጀመሪያ የቀዳውም እዚያ ላይ ነው።»

«ለማን ነው አላልሽውም?»

«በዚያ ገበታ ላይ ሴት አትጠይቅም፣ ኢንስፔክተር። ትሰድራለች እንጂ።» ቅርጫቱ ከእጇ ወደቀ። «አማቼ ጠዋት ከቤት ሲወጡ ሩዝ አስጨምረውኝ በልተው ነው የወጡት። ሩዝ አስጨምረውኝ...»

ቴሱ ከድንጋዩ አልተነሳም ነበር። ታክ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። ሻለቃው ትንሽ ራቅ ብሎ ቆመ።

«ሦስተኛው ጽዋ የማን ነው?»

«የአጎቴ። በጦርነቱ የሞተው።»

«አባትህ ወንድም ነበራቸው?»

መልሱን የሰጠችው ሚጃ ናት፣ ከኋላ መጥታ። «አጎት የለህም፣ የቦራም አባት» አለችው በልጃቸው ስም። «አባባ ለእናታቸው ብቸኛ ነበሩ። ስንቴ አውርተውናል።»

«ከቤት ስትወጡ የዚህ ቤት ሙታን ሁለት ነበሩ» አለ ታክ። «ምንጣፉ ሲነጠፍ ግን ሦስት ሆኑ። ሦስተኛው በመንገድ ላይ ነው የሞተው። ያን ሰዓት ደግሞ አባትህ መሞታቸውን ከአንተ በቀር ማንም አያውቅም ነበር። አባቱ በሕይወት ያለ ሰው የመጀመሪያውን ጽዋ አይቀዳም፣ ቴሱ። አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ። ቀድተህም ለራሳቸው ሰጠሃቸው።»

ቴሱ እጆቹን አየ። ከዚያ እንባው ሳይሆን ሳቁ መጣ፤ አጭር፣ የሚያስጠላ ሳቅ።

«ያለ ጽዋ እንዴት ልተዋቸው?» አለ። «አባቴ አይደሉም እንዴ?»

«ምን ሆነ?»

«ልጠራቸው ግንቡ ጋ ስሄድ ያችን ባንዲራ ይዘው እንደ ልጅ እየዘለሉ ወደ እኔ መጡ። ‹ወንድምህ አለ!› አሉኝ። እዚያ ማዶ ጥለዋቸው ስለመጡት ሚስትና ልጅ ድሮ ሰምቼ ነበር፤ ሞተዋል ብለን ነው የምናውቀው። ልጁ አለ፣ ያርሳል፣ ሚስት አግብቷል፤ አስጎብኚዋ ወሬውን በቃል አምጥታላቸው ነው። እኔም ደስ አለኝ! እመኑኝ፣ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ከዚያ ‹እንግዲህ ጽዋውን አንተ አትወርስም› አሉኝ። ‹የበኩሩ ነው። እኔ ብሞት እስኪመጣ ድረስ ቦታው ባዶ ይቆያል።› ባዶ!» ድምፁ ከፍ አለ። «ሐኪም ቤት ያዘልኳቸው እኔ! ገላቸውን ያጠብኩት እኔ! አንድ ቀን ውሃ አቀብሏቸው ለማያውቅ ሰው፣ ፊቱን አይቼው ለማላውቅ ሰው... ከእኔ ባዶ ቦታ ተሻላቸው። ገፋኋቸው። አንድ ጊዜ ነው የገፋኋቸው።»

ሚጃ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሻለቃው ጉሮሮውን ጠርጎ ወታደሮቹን ጠራ። ታክ ያሸነፈ ያህል አልተሰማውም። ለብኩርና ሲባል የሞተው አባት፣ የገደለው ልጅ፣ ይህን ሁሉ የማያውቀው ገበሬ ማዶ አርሶ ይገባል። አሁን ግን የኦክሱን ዝምታ ገባው። ወሬውን በቃል ያሻገረችው ያች እህቷ ናት።

ሻለቃው ለደህንነት ሰዎቹ ደውሎ ከመንገድ መለሳቸው። ድልድዩ ላይ ያሉት ጋዜጠኞችም የቤተሰብ ጠብ መሆኑ ተነግሯቸው መሣሪያቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። የአስጎብኚዋን ስም ማንም አላነሳም። ታክ ጥበቃ ክፍሉ ገብቶ ስልኳን ከዕቃዋ ጋር ሲመልስላት፣ ኦክሱን ሁለት እጁን ይዛ ግንባሯን አስደገፈችበት። እንዲህ ዓይነት ነገር ሲደረግለት ምን እንደሚል አያውቅም ነበር።

«ተነሽ እንግዲህ» አለ። «ተሳፋሪዎችሽ እየጮሁ ነው።»

ደጃፉ ላይ ዮም ስልኩን ሊቀበል ቆሟል። ታክ ከኪሱ አውጥቶ፣ ሳይለቅለት «ይህ ማስረጃ ነው፤ ኮፒ ወስጃለሁ» አለው። «አንድም ምስል እንዳታወጣ። እሰማለሁ።»

«ምኑን ላወጣው?» አለ ዮም፣ ነገሩ ሳይገባው። «በኢንተርኔት ቀጥታ ነው እኮ የሚሄደው። ጠዋት ከአውቶቡሱ ጀምሮ ሰዉ እየተከታተለን ነው። ወታደሮቹ ሲይዟት፣ እኔ ጭምብሏን ሳወልቅባት ጊዜማ ተመልካቹ ጎረፈ! ጋዜጦችም ምስሉን ወስደውታል።» ኦክሱንን አየና ትንሽ አፈረ። «ገዳይ መስላኝ ነው እንግዲህ። ነገ ‹አይደለችም› ብዬ እናገራለሁ።»

ኦክሱን አልጮኸችም። ወደ ክፍሉ ተመልሳ ገባች። ታክ ዮምን በሁለት እጁ ገፍቶ ከደጃፉ አባረረውና ተከትሏት ገባ። ስልኳን ይዛ ቆማለች፤ ታየዋለች። ከዚያ ማዶ ካለ ሰው ጋር ያለ ፈቃድ መነጋገር ወንጀል ነው፤ እሱ ደግሞ ፖሊስ ነው።

ታክ በሩን ዘግቶ ጀርባውን ሰጣት፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ኦክሱን ደወለች። እህቷ የደበቀችውን ስልክ ከጣራ ሥር አውጥታ የምትከፍተው አልፎ አልፎ ነው። ጠራ። ደግሞ ጠራ። ታክ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የወታደሮች ማስጠንቀቂያ ደጋግሞ አነበበ፤ አንድ ቃል አልገባውም።

«እኔ ነኝ» አለች ኦክሱን። «አትጠይቂኝ፣ ስሚኝ ብቻ። ፊቴ ወጥቷል። ዛሬውኑ ተነሺ። አሁን።»

ከስልኩ ውስጥ አንዲት ቀጭን የሴት ድምፅ ታክ እስከቆመበት ድረስ ተሰማ።

«ልጆቹስ?»

መስመሩ ተቋረጠ።

ውጭ የአውቶቡሱ ጥሩምባ ጮኸ። «ኧረ ይህቺ አስጎብኚ የት ገባች? በሩ ሊዘጋብን ነው!» የሚል የሴት ድምፅ ተከተለ። ኦክሱን ስልኩን ይዛ እንደቆመች ናት።

«ኢንስፔክተር፣ በዚህ ወር ወንዙ ይሞላል ወይስ ይጎድላል?» አለችው። «እኔው ተሻግሬው፣ ረሳሁት። ትንሿ ልጅ ዋና አትችልም።»

ታክ በሰሜኑ ሌላኛ ጫፍ ስላለው ስለዚያ ወንዝ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። አላውቅም አላት። ጥሩምባው እንደገና ጮኸ፤ እሷም ኮቷን ለብሳ ሰዎቹን ልታሳፍር ወጣች።